የመስኡዳ ምስክር

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የሐምሌ ዝናብ አባርቶ፣ በሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል።

ሽታው መረቡን ሰብስቦ ወደ ዳር ሲቀዝፍ፣ ታንኳውን ከሚያስርበት ችካል አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመው አየ። ጉሙ ፊታቸውን ሸፍኖታል፤ አንዱ ረጅም ወንድ፣ ሌላዋ ሴት መሆናቸውን ብቻ ለየ። መቅዘፊያውን ከውኃው አወጣና ጭኑ ላይ አጋደመው። ሰው በማለዳ፣ ያውም ተጣምሮ፣ ያውም ዝም ብሎ ከቆመ ይዞት የመጣው መርዶ ነው፤ ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ታንኳው ግን መቀዘፉ ቢቀርም በመጣበት ጉልበት ወደ ዳር መንሸራተቱን አልተወም፤ ሽታውም ሊያቆመው አልሞከረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ጠዋት በልቡ ሲለማመዳት ኖሯል። በልምምዱ ውስጥ የሚመጡት ሁልጊዜ የቅሬው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድነት የሚቀብሩትና የሚያስተዛዝኑት እነሱ ናቸውና። ሁልጊዜም እሱ ታንኳውን አስሮ እስኪጨርስ ድረስ አፋቸውን አይከፍቱም ነበር።

«ኧረ ቅዘፍ እንጂ! ባሕር ላይ ልትውል ነው?» አለ ረጅሙ።

የሀሚዱ ድምፅ ነበር። መርዶ የያዘ ሰው አይቀልድም። ሽታው ትንፋሹን ለቀቀ፤ መቅዘፊያውንም አነሳ።

ሀሚዱ ጎረቤቱ ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል የቁልቋል አጥር አለ፤ አጥሩም ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ያንን ክፍተት ማን እንደከፈተው ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ከአጠገቡ የቆመችው ሁለተኛ ልጁ መስኡዳ ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል። ሽታው ከታንኳው ሲወርድ ሰላም አላለችውም፤ የምታየው ችካሉን ነበር።

«ይችን ልጅ ታያታለህ?» አለ ሀሚዱ።

«አያታለሁ።»

«በደንብ እያት። አገር ውስጥ የለችም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትልቋ የሀሚዱ ልጅ ኢቲሳም ጅዳ ውስጥ ትሠራለች፤ መስኡዳም ወደ እሷ ልትሄድ አስባ ትናንት ከአባቷ ጋር ፓስፖርት ልታወጣ ደሴ ወርዳ ነበር። ስሟንና የትውልድ ቀኗን ተቀብለው ጣቷን ማሽኑ ላይ ብታሳርፍ ማሽኑ አልተቀበላትም። በዚህ ስም፣ በዚህ ቀንና በዚህ የልደት ካርድ ከሦስት ዓመት በፊት ፓስፖርት ወጥቷል፤ ባለፓስፖርቷም ከአገር ወጥታለች፤ መመለሷን የሚያሳይ ነገር የለም ተባለች።

«ፊታቸው ቆማ እኮ ነው!» አለ ሀሚዱ። «እኔስ ብሆን ከሦስት ዓመት ወዲህ የማበላው ማንን ነው? አባት ይምጣ፣ ዝምድና የሌለው ከልጅነቷ የሚያውቃት ምስክርም ይምጣ ብለዋል። ዛሬ በአራት ሰዓት። እኔ ኑርዬን ልወስደው ነበር፤ ባለ ሱቅ ነው፣ ሲናገርም ያምርበታል። እሷ ግን አያ ሽታው ካልሆነ አልሄድም ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።»

«ኑርዬ ቅር አይለውም?»

«እሱማ ደስ ይለዋል። ሱቁን ዘግቶ ከሚውል ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል።»

መስኡዳ አልሳቀችም። ሽታው መረቡን ሣሩ ላይ ዘርግቶ የያዘውን ለቀመ። አሥራ ሰባት ቀረሶ ነበር፤ ከመረቡ ጥግ ደግሞ ክንድ የሚያህል አምባዛ ጢሙን እያወዛወዘ ተገኘ። ሽታው አምባዛውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ውኃው ተመለሰና ቀስ ብሎ ለቀቀው። ሀሚዱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሆቴሎቹ ለአንድ አምባዛ ለአምስት ቀረሶ የሚሰጡትን ይሰጣሉ፤ ሽታው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም አምባዛ ወደ ዳር አላወጣም። በዚያ ዳርቻ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። አምባዛ የሚኖረው ከታች ነው፤ የሚበላውም ከታች ያገኘውን ነው።

ሦስት ዓመት ሆናት። ልጁ ፋና፣ ሃያ ዓመት የሞላት ያን ሰሞን ነበር፤ በሐምሌ አሥራ ሁለት ጠዋት ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ ጥቁሩ ጃንጥላዋ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ደንገል መካከል ተዘርግቶ ግማሹ ሰምጦ ተገኘ። ሌላ ምንም አልተገኘም። አሥራ ዘጠኝ ዓሣ አጥማጆች ዘጠኝ ቀን ሙሉ መንጠቆና መረብ ጎተቱ። በውኃው ላይ ያረጁ ሰዎች ባሕሩ የወሰደውን በሦስተኛው ቀን ይመልሳል ይላሉ፤ አልመለሰም። ፖሊስ ሰምጣ ሳትሞት አልቀረችም ብሎ ጽፎ መዝገቡን ሳይዘጋ ተወው። ቄሱ ሬሳ በሌለበት ፍትሐት ለማድረግ ልባቸው አልቆረጠም። ቅሬው ድንኳን ተከለ፤ ሰው ገብቶ ምን ብሎ እንደሚያለቅስ ስላላወቀ በማግስቱ ድንኳኑን ነቀለ። ሽታው ግን ከዚያ ቀን አንዲት ትንሽ ነገር በልቡ ቀርታበታለች፤ ለማንም አልተናገራትም። ወደ ውኃ ሲገባ ኮቱንና ጫማውን ከችካሉ ሥር አስቀምጦ ነው። ያን ቀን ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ፣ ኮቱ የረጠበው ግማሹን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ፍለጋ፣ ፍለጋውም ሥራ ሆነበት። መረቡ በቀለለ ቁጥር ዕድሉን ይረግማል፤ በከበደ ቁጥር ደግሞ እጆቹ ይቆማሉ። ገመዱን ይዞ፣ የያዘው ክብደት ይወራጭ እንደሆነ እስኪሰማ ይጠብቃል። የሚወራጭ ነገር ዓሣ ነው። እስኪወራጭ ድረስ ያለችው ጊዜ ግን ረጅም ናት፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትመጣለች።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ እናትነሽ ምስር ትለቅማለች። ጥቁርም ነጭም መልበስ ትታ ግራጫ ቀሚስ ከለበሰች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ጥቁር ብትለብስ ልጇን የገደለቻት፣ ነጭ ብትለብስ የረሳቻት እየመሰላት። በየመስከረሙ ፎቶዋን ይዛ ግሸን ትወጣለች። እዚያም ምእመኑ ከአውቶቡስ ወርዶ የእግር መንገድ ከሚጀምርበት ቦታ ቆማ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ፎቶውን እያሳየች ሁለት ቀን ትውላለች፤ ከአገሩ ሁሉ ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። የመስኡዳን ነገር ሲነግራት እጇን ከሰፌዱ ላይ አላነሳችም።

«መታወቂያዋ ጠፍቶባት አልነበር እንዴ ያን ጊዜ? ውጫሌ ገበያ ላይ» አለች።

«ጠፍቶባት ነበር።»

«እንግዲያው ያገኘው ሰው ሠርቶበታል። ሂድና መስክርላት፤ የሰው ልጅ ናት።»

ኮቱን ለበሰ። ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። እናትነሽ ቀና ብላ ደጁን አየችና ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ምስማር ሄደ። ጃንጥላው እዚያ ተሰቅሏል፤ በነጭ ክር እንደታሰረ፣ ሁለት ብረቱ እንደተሰበረ። ከደንገሉ ከወጣ ወዲህ የዘረጋው የለም። እሱም አየው። ከዚያ እናትነሽ ተነሥታ የማዳበሪያ ላስቲክ አመጣችና በትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ከመናኸሪያው አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ የፋና ፎቶ አለ። ፀሐይና ዝናብ አጥቦት ግንባሯና ጸጉሯ ብቻ ይታያል፤ ስልክ ቁጥሩ ላይ የብሎኬት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ሽታው በጥፍሩ የማስታወቂያውን ጫፍ ፋቀ፤ ቁጥሩ አብሮ ተላጠ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ ሀሚዱ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራ፤ ከዚያ ትራንስፖርት ሰማንያ ብር ስለመግባቱ፤ ከዚያ ኢቲሳም ስለላከችው ቴሌቪዥን አወራ፤ ቴሌቪዥኑ ከመጣ ወዲህ መብራት የሚጠፋው ሆን ተብሎ ይመስለዋል።  ሾፌሩ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ነገር ከፍቷል፤ ክራሩ ከሞተሩ ድምፅ ሥር እየገባ ይወጣል። መስኡዳ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ በጉም የታፈነውን መስታወት ትጠርጋለች፤ ውጭውን ግን አታይም። ሽታው በሕይወቱ ለሰው የመሰከረው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በወሰን፣ አንድ ጊዜ በሠርግ። ያሁኑ ቀላል መሰለው። ሰውን ራሱ ነው ማለት ብቻ ነው።

የደሴው ፓስፖርት ቢሮ ኮሪደር ላይ ከሠላሳ የሚበልጡ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል። የእርጥብ ልብስ ሽታ አለ። እያንዳንዳቸው ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ ከፋና ያንሳሉ። ሽታው ሳያውቀው የእያንዳንዷን ፊት አየ፤ ሦስት ዓመት የቆየበት ልማድ ነው። ተራቸው ሲደርስ ያስገባቻቸው ሠራተኛ ሹራቧ ላይ ነጠላ የደረበች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። ሀሚዱን በአንድ ወገን፣ ሽታውን በሌላ ወገን አስቀመጠችና መስኡዳን አቆመቻት።

«አባባ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?»

«ከተወለደች ጀምሮ።»

«ስሟ ማነው?»

«መስኡዳ ሀሚዱ።»

«እርግጠኛ ነዎት? በሐሰት መመስከር ያስቀጣል።»

«በእሷ ምጥ የያዛትን እናቷን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ያደረስን እኛ ነን። አንዱን እጀታ እሱ፣ አንዱን እኔ።»

«ቃሬዛ አራት እጀታ አይደል ያለው?» ሴትዮዋ ወደ ጎን ሳለች።

«ሁለቱን የቅሬው ሰዎች ናቸው የያዙት። እነሱንም ልጥራልሽ?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለችና ጻፈች። ከዚያ የኮምፒዩተሩን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሽታው አዞረችው።

«እንግዲያው ይህችንስ ያውቋታል?»

በመጀመሪያ ያየው ሻሹን ነበር፤ ግንባሯን ሸፍኖ ከአገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነጭ ሻሽ። ከዚያ አፏን አየ። ሳቅ ሲመጣባት እንደምታደርገው ከንፈሯን ወደ ውስጥ አድርጋ ዘግታዋለች። ከዚያ በቀኝ ቅንድቧ መካከል ያለችውን መስመር አየ፤ ጸጉር የማይበቅልባት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል። ሰባት ዓመቷ ላይ መንጠቆ ወግቷት የቀረች ጠባሳ ናት። መንጠቆውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቷት ያወጣላት እሱ ነው፤ አላለቀሰችም፤ ይልቅ ዓሣ ብሆን ኖሮ ትበላኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የራቀው መሰለው። ሀሚዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ስክሪኑ ላይ ሲያጎነብስ፣ «ያ ረቢ!» ሲል ሰማ። መስኡዳ ዓይኗን ጨፍናለች። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ትጠብቃለች። ሽታው የማይገባው ሰው አልነበረም። በሰው ስም አገር መሻገር ወንጀል እንደሆነ ያውቃል፤ ስሟን ከጠራ ወንጀለኛዋ ማን እንደሆነች እሱ ራሱ መንገሩ ነው። አላውቃትም ቢል ደግሞ መታወቂያዋን የሸጠች ተብላ የምትጠየቀው መስኡዳ ናት። ይህን ሁሉ አሰበ። አስቦ ሳይጨርስ ግን አፉ ቀደመው።

«ልጄ ናት።»

«ማን?»

«ልጄ። ፋና። ፋና ሽታው።» ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «መቼ ነው የሄደችው? ቀኑን ንገሪኝ፤ ቀኑን ብቻ።»

ሴትዮዋ ስክሪኑን ወደ ራሷ መልሳ አነበበች። ፎቶው የተነሣው ሰኔ ውስጥ ነው። ከአገር የወጣችው በአውሮፕላን፣ ወደ ጅዳ፣ ሐምሌ አሥራ ስድስት።

ሽታው በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሁለት ጠፋች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ባሕሩ ይመልሳታል የተባለው ሦስተኛ ቀን ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ያን ቀን እሱ በሐይቁ መካከል፣ ከገመድ ጫፍ ድንጋይና መንጠቆ አስሮ፣ ጭቃውን ሲያርስ ነበር የዋለው። ከሱ በላይ፣ ከደመናው ወዲያ፣ ልጁ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ይሆናል።

«አባባ» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «ይህ ነገር ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ልጅዎ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። ገብቶዎታል?»

«የሞተ ሰው አይከሰስም አይደል?»

«አይከሰስም።»

«እንግዲያው ጻፊው።»

ጻፈች። ፈረመ።  ፎቶውን እንድትሰጠው ሲለምናት ደንቡ እንደማይፈቅድ፣ በፖሊስ ደብዳቤ ብቻ እንደሚሰጥ ነገረችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ፣ «ሻይ ልጠጣ ልውጣ፤ ጉሮሮዬ ተዘግቷል» አለችና ስክሪኑን እንዳዞረችው ትታው ወጣች። መስኡዳ ስልኳን አውጥታ የስክሪኑን ፎቶ አነሣች።

ወጥተው ከቢሮው ጣራ ክፈፍ ሥር ቆሙ። ዝናቡ በርትቷል። ሀሚዱ ወደ ልጁ ዞረና እጁን አነሣ። ሽታው ክንዱን ያዘው። በዚያ ዕድሜያቸው ትግል የሚመስል ነገር አደረጉ፤ ከዚያ ሀሚዱ እጁን አውርዶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሦስት ዓመት!» አለ። «ሦስት ዓመት ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ!»

«ማልቀሴ ውሸት አልነበረም» አለች መስኡዳ። ፊቷን ወደ ሽታው መለሰች። «ወላሂ አያ ሽታው፣ እሱ ውሸት አልነበረም።»

ነገረችው። አንዳንዱን በቅደም ተከተል፣ አንዳንዱን እያምታታች። አንቱ አታስኬዷትም ነበር አለችው፤ እውነት ነው፣ ዐረብ አገር የሚሄድ ልጅ የለኝም ብሎ በሩን የዘጋው እሱ ነው። ደላላው ዕድሜሽ ያንሳል፣ ስሙም የእስላም ቢሆን ቶሎ ቤት ይገኛል አላት። መስኡዳ አራት ዓመት ትበልጣታለች። መታወቂያዋንና የልደት ካርዷን ሰጠቻት፤ ለአባቷ መታወቂያው ውጫሌ ገበያ ላይ ጠፋብኝ አለች። ውላቸው ይህ ነበር፤ ፋና እንደደረሰች ትደውላለች፣ ያን ጊዜ መስኡዳ ለሁለቱም ቤት ትናገራለች።

«አልደወለችም» አለች። «አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ጃንጥላው ደግሞ በሄደችበት ቀን ተገኝቶ አገሩ ሁሉ ባሕር ወርዶ ነበር። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ሸጠቻት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ደግሞ ትናንት ለምን አልተናገርሽም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነ። ኢቲሳምን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ በምን ስም ልጠይቃት? ባለፈው ሰኔ አባ ፓስፖርት እናውጣ ሲለኝ... ማሽኑ እንደሚያውቅ አውቄያለሁ። እኔ መናገር አቃተኝ፤ እሱ ይናገርልኝ አልኩ። አንቱ እንዲያዩ ፈለግሁ።»

 ሽታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ጃንጥላውስ?»

«አንቱን ልታይ ወርዳ ነው» አለች መስኡዳ። «መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ እየጠበቀን፣ ሻንጣውን እኔ ይዤ፣ አንድ ጊዜ ከሩቅ ሳላየው አልሄድም አለች። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይወጣሉ። ያን ቀን አልወጡም። ሁለት ሰዓት ሆነ። ኮትዎና ጫማዎ ከችካሉ ሥር ነበር፤ እየዘነበበት። ጃንጥላዋን ዘርግታ ከላዩ ላይ አቆመችው፤ እጀታውንም በድንጋይ አስደገፈችው። ሲወጣ የደረቀ ልብስ ይልበስ አለች። ነፋሱ ይሆናል የወሰደው።»

ያን ቀን ለምን እንዳረፈደ ሽታው ያውቃል። በወዲያኛው ዳር፣ ከገዳሙ ማዶ፣ ለብዙ ወራት ያላየው ቀረሶ ገጥሞት ነበር። መረቡን ሁለት ጊዜ ጥሎ ሁለቱንም ጊዜ ሞልቶ አወጣው። እየዘነበበት ዘፈነ። ያን ጠዋት ደስ ብሎት እንደነበር ለሚስቱም፣ ለንስሐ አባቱም አልተናገረም። ከኮቱ ላይ የማዳበሪያውን ላስቲክ አወረደና ራሱን ሳያውቅ የኮቱን ግራ እጀታ ዳሰሰ። ደረቅ የነበረው በዚያ በኩል ነው።

«ግማሹ አልረጠበም ነበር» አለ።

ሲመለሱ ሦስቱም ከኋላ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። ሀሚዱ እስከ መንገዱ አጋማሽ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። 

«ይቅር በለኝ» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ምን አደረግህ?»

«የወለድኩት እኔ ነኛ።»

«እኔም እኮ የወለድኩት አለ» አለ ሽታው። «በልጅህ ስም የሄደችው ማን ሆነችና።»

ሀሚዱ ጥቂት አሰበ። «ጅዳ ለመካ ቅርብ ነው» አለ። «ልጅህ አንድ ቀን ሰው ተከትላ ከሄደች ሐጁ የሚጻፈው ለመስኡዳ ነው።»

ሽታው ሳቀ። ሳቁ እንደ ሳል አንቆት ወጣ፤ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩት። ዓይኑን በላስቲኩ ጫፍ ጠርጎ እንደገና ሳቀ። «አብሽር» አለው ሀሚዱ ጉልበቱን እየመታው፤ «አብሽር ወንድሜ፤ አልሐምዱሊላህ በል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሽታው።

እናትነሽ ምስሩን ለቅማ ጨርሳለች። ሽታው ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና ከየት እንደሚጀምር ጠፋው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ጀመረ። ሰምጣ አልሞተችም አላት። ከዚያ ቀኑን ነገራት፤ ከዚያ ሻሹን፤ ከዚያ ቅንድቧን። ስለ ጃንጥላው ሲነግራት እናትነሽ ቆማ ነበር፤ ቀስ ብላ ወርዳ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እልልም አላለችም። እጇን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ መዳፏን እያየች ቆየች።

«ከስታለች?» አለች።

«ፎቶው ያኔ የተነሣው ነው። ፊቷ ሙሉ ነው።»

«አሁንስ የት ናት?»

«አይታወቅም። አልተመለሰችም፤ ያለችው እዚያ ነው።»

«እዚያ» አለች እናትነሽ፤ ቃሉን እንደ አዲስ ዕቃ እያገላበጠች። ከዚያ ሽታው ከሦስት ዓመት ወዲህ ያልሰማው ረጅም ትንፋሽ ከደረቷ ወጣ። በልጅነቷ ጊዜ፣ ፋና ከትምህርት ቤት ዘግይታ ስትገባ፣ እንዲሁ ነበር የምትተነፍሰው፤ ከዚያም ትቆጣት ነበር። «ሳትነግረኝ!» አለች አሁንም። «ሳትነግረኝ ሄደች! ትምጣ ብቻ!»

መስኡዳ ከአጥሩ ክፍተት ላይ ቆማለች። ካፊያው ሻሿን አርሶታል፤ አትገባም፣ አትመለስም። እናትነሽ በበሩ በኩል አየቻት። 

«ግቢ» አለች እናትነሽ። «ዝናብ ላይ አትቁሚ።»

ሌላ ምንም አላለቻትም። መስኡዳ ገብታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ፎቶውን ከስልኳ አውጥታ ሰጠቻት። እናትነሽ ስልኩን ወደ ደጁ ብርሃን አዙራ አየች፤ አራቀች፣ አቀረበች፤ በአውራ ጣቷ ቅንድቡን ስትነካው ፎቶው ጠፋ። መስኡዳ መልሳ አመጣችላት። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ ለኢቲሳም የድምፅ መልእክት እንላክ ተባለ። ሀሚዱ በክፍተቱ ገብቶ እንዴት እንደሚነገር ሊያስረዳ ሲጀምር እናትነሽ ዝም በል በሚል ምልክት እጇን አነሣችበት፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏ አጠገብ አድርጋ፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ኢቲሳም፣ እኔ የፋና እናት ነኝ። እንዴት ነሽ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ልጄ እዚያ አገር ናት። እስከ ዛሬ የፈለግናት በማይሆን ስም ነው። አሁን የምትጠይቂው መስኡዳ ሀሚዱ ብለሽ ነው። በእህትሽ ስም። ቤት ለቤት ሆነ፣ መጠለያ ሆነ፣ እስር ቤት ሆነ፣ ሐኪም ቤት ሆነ ጠይቂ። ቀኝ ቅንድቧ ላይ ምልክት አለ። ስታገኚያት... ስታገኚያት አባትሽ ልብሱን ደርቆ አገኘው በያት።»

መልሱ እስኪመጣ ለመቀመጥ የቻለ አልነበረም። ሀሚዱ ነገ ከሽታው ጋር ፖሊስ ዘንድ ሄደው መዝገቡን እንደሚያስቀይሩ ተናገረ፤ መስኡዳም ቃሏን ትሰጣለች፤ ቅጣት ካለም ትቀበላለች፤ እሱ ከጎኗ ይቆማል። እናትነሽ ለዘንድሮው ግሸን ሻሽ ያለውን ፎቶ ማሳተም እንደሚያስፈልግ አስታወሰች። ከዐረብ አገር የተመለሱት እኮ ብዙዎቹ ለስለት ይወጣሉ፤ የምታውቃት አንዲት አትጠፋም። የመልእክቱ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ወደ ስልኩ ተጠጋ። ኢቲሳም በአሠሪዎቿ ቤት ሳህን እያጠበች ይመስላል፤ የውኃ ድምፅ ይሰማል። ለጥቂት ጊዜ ስታለቅስ ተሰማ። ከዚያ፣ «እሺ እማማ» አለች። «እሺ። ከዛሬ እጀምራለሁ፤ ለሴቶቹ ሁሉ በስልክ እበትነዋለሁ። ኢንሻአላህ።»

ሲመሽ ዝናቡ አባራ። እናትነሽ ወንበር ላይ ቆማ ጃንጥላውን ከምስማሩ አወረደች፤ ነጩን ክር በጥርሷ በጠሰችና ዘረጋችው። የደረቀ የደንገል ቅጠልና የሞተ ሸረሪት ከውስጡ ወደቀ። የተሰበሩትን ብረቶች በጣቷ እያጠፈች ሞከረቻቸው።

«መናኸሪያ በር ላይ የሚቀመጠው ጠጋኝ ለአንድ ብረት ስንት ነው የሚያስከፍለው?» አለች።

«ሃምሳ ሳይሆን አይቀርም።»

«ለሁለቱ ሰማንያ በለው።»

በማግስቱ ጠዋት ሽታው ሁለት አምባዛ አወጣ፤ አንዱን ለሆቴል ሸጠ፣ አንዱን ቤቱ ይዞ ገባ።